ለፍልሚያ ወሬ ስንት ዐምድ ይገባዋል?

አንድ ነገር በጋዜጣ ላይ ምን ያህል ስፍራ ሊሰጠው ይገባል የሚለው ጥያቄ የአዘጋጆች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጋዜጣ ወደ ቤት የሚገባ እንግዳ ነው፤ ከአባትና ከእናት ጋር ይነጋገራል፤ ልጆችም በጎን ሆነው ይሰሙታል። ስለዚህ እንግዳው ስለ አንዱ ነገር አብዝቶ ስለ ሌላው ዝም የሚለው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ የባለቤቶቹም መብት ነው። በዚህ ወር ይህንኑ ጥያቄ በአሜሪካ ብዙ ክርክር ባስነሣ በአንድ ስፖርት ላይ ልንመረምረው ወደድን። ስፖርቱም ሚክስድ ማርሻል አርትስ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ቡጢን፣ እርግጫን፣ ትግልን፣ ጁዶንና እነዚህን የመሰሉትን ሁሉ በአንድነት የቀላቀለ ፍልሚያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

ይህ ፍልሚያ በአሜሪካ ስም ያገኘው በ1993 በኖቬምበር ወር፣ ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የመጀመሪያ ውድድር በዴንቨር ከተማ በተደረገ ጊዜ ነው። ስምንት ሰዎች በአንድ ሌሊት ተጋጠሙ። የክብደት ክፍል አልነበረም፤ ደንቡም እጅግ ጥቂት ነበር። ሮይስ ግሬሲ የተባለው ቀጭን ብራዚላዊ በክብደት የሚበልጡትን ሦስት ሰዎች ተራ በተራ አሸንፎ ወጣ። በ1996 የአሪዞናው ሴናተር ጆን ማኬይን ይህን ነገር ከአውራ ዶሮ ማዋጋት ለይተው እንደማያዩት በመግለጥ፣ እንዲከለከል ለሃምሳውም የአሜሪካ ግዛቶች ገዥዎች ጻፉ። ብዙ ግዛቶችም ከለከሉት፤ ታላላቆቹ የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎችም ማሳየቱን ተዉት።

ከዚያ በኋላ የኒው ጀርዚና የኔቫዳ የስፖርት ተቆጣጣሪዎች በ2000 እና በ2001 ሥርዓት አበጁለት። የክብደት ክፍል ወጣ፤ ውድድሩ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት ዙር፣ ለሻምፒዮንነት ሲሆን አምስት ዙር ሆነ። በራስ መግጨት፣ ዓይን መጓጎጥ፣ ማጅራት መምታት፣ የወደቀውን ሰው ራሱን መርገጥ ተከለከለ። በ2001 በሁለት ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ኩባንያ በ2016 አራት ቢሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ፣ ከግዛቶች ሁሉ የመጨረሻዋ ሆና፣ ውድድሩን በሕግ ፈቀደች። እንግዲህ ትላንት የተባረረው ዛሬ ታላቅ ንግድ ሆኖ በጋዜጣው በር ቆሟል፤ ምን ያህል ስፍራ ይሰጠው?

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኞቹ «ጨርሶ አይጻፍ፤ ስለ እርሱ የሚጻፈው እያንዳንዱ መስመር ማስታወቂያ ነው» ይላሉ። አሳባቸው የሚናቅ አይደለም። በሩጫ ወይም በእግር ኳስ ሰው ቢጎዳ ጉዳቱ ከዓላማው ውጭ የመጣ ነው፤ በዚህ ፍልሚያ ግን ተጋጣሚን ራሱን እስኪስት ድረስ መምታት ከማሸነፊያ መንገዶች አንዱ ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ወላጆች የፍልሚያ ሥዕል ያለበትን ገጽ አጥፈው ቢያስቀምጡት አንፈርድባቸውም።

ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የቡጢ ውድድር ታሪክ ይህን በግልጥ ያስረዳል። በ1962 በኒው ዮርክ ቤኒ ፓሬት የተባለው ቡጢኛ ከኤሚል ግሪፊዝ ጋር ሲጋጠም በገመዱ ላይ ተደግፎ ብዙ ተመታና ራሱን ሳተ፤ ከአሥር ቀን በኋላም ሞተ። ፍልሚያው በቴሌቪዥን ይታይ ነበርና ሕዝቡ አየ፤ ጋዜጦችም ጻፉ፤ ዳኛው በጊዜ አስቁሞ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር መንግሥት መረመረ። በ1982 ደግሞ ዱክ ኩ ኪም የተባለው ኮሪያዊ ከሬይ ማንቺኒ ጋር በላስ ቬጋስ ተጋጥሞ ሕይወቱን አጣ። ስለ ሞቱ ብዙ ከተጻፈና ከተከራከሩበት በኋላ፣ ከዓለም የቡጢ ማኅበራት አንዱ የሻምፒዮንነቱን ውድድር ከ15 ዙር ወደ 12 ዝቅ አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የጋዜጣ ገጽ ዝም ቢል ኖሮ ሟቾቹ ከቤተ ዘመዶቻቸው በቀር የሚያስታውሳቸው፣ በሕይወት ላሉትም የሚሟገት ባልተገኘ ነበር።

በራሱ በዚህ በተቀላቀለው ፍልሚያም ሞት ደርሷል። በ2007 በሂውስተን ከተማ የተጋጠመ አንድ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራሱ ላይ በደረሰው ጉዳት ሞተ፤ ይህም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በተደረገ ውድድር በአሜሪካ የደረሰ የመጀመሪያው ሞት ሆኖ ተቈጠረ። የኒው ዮርክም ነገር እንደዚሁ ነው። በዚያ ለገንዘብ የሚደረገው ፍልሚያ በተከለከለበት ዘመን የአማተሮቹ ፍልሚያ ያለ መንግሥት ቁጥጥር ይካሄድ ነበር። ሰውን ይጎዳል ተብሎ አንደኛው ሲዘጋ፣ ሁለተኛው ከዳኛና ከሐኪም ተቆጣጣሪ ዓይን ተሰውሮ ቀጠለ። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚያስፈልገው ዝም ያለ ጋዜጣ አይደለም፤ የሚጠይቅ ጋዜጣ ነው።

ሁለተኞቹ ወገኖች ደግሞ «ሕዝብ የወደደውን መስጠት የጋዜጣ ሥራ ነው፤ ተመልካቹ በበዛ መጠን ገጹም ይብዛ» ይላሉ። ለአባባላቸው የሚያቀርቡት ቍጥር አላቸው። በኖቬምበር 2016 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተደረገው ውድድር ከሃያ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ገብቶ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመግቢያ ገንዘብ ተሰብስቧል። በ2025 ደግሞ ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ ውድድሩን በአሜሪካ ለሰባት ዓመት ለማሳየት 7.7 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋውሏል። ይህን ያህል ሰው የሚመለከተውን ነገር እንደ ሌለ መቁጠር ትዕቢት መሆኑን እኛም እንቀበላለን። በዴንቨርና በላስ ቬጋስ የሚኖሩ ብዙ የአገራችን ቤተ ሰቦችም ይህ የሩቅ ወሬ ሳይሆን የሚኖሩበት ከተማ ወሬ እንደ ሆነ ያውቃሉ።

ሆኖም የሕዝብ ብዛት የወሬን መኖር ያሳያል እንጂ የወሬን ዓይነት አይወስንም። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ኩባንያ የራሱ ካሜራ፣ የራሱ ተናጋሪ፣ የራሱ ማስታወቂያ ነጋሪ አለው። ማን እንደሚዝት፣ ማን ማንን እንደ ሰደበ፣ የፊታችን ቅዳሜ ማን እንደሚጋጠም ያለ ጋዜጣው ርዳታ ለዓለም ያደርሳል። ጋዜጣ ይህንኑ መልሶ ቢያትም ለኩባንያው ያለ ደመወዝ ያገለግላል፤ አንባቢውም ዋጋ ከፍሎ ማስታወቂያ ያነባል።

በጁን 2016 የሆነውን እናስታውስ። አሪየል ሄልዋኒ የተባለው የታወቀ የፍልሚያ ጋዜጠኛ፣ ብሮክ ሌስናር ወደ ውድድር እንደሚመለስ ኩባንያው ከማስታወቁ በፊት በማውጣቱ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በካሊፎርኒያ ከውድድሩ ስፍራ ተባረረ፤ ዳግመኛም እንዳይገባ ተነገረው። ብዙ ወቀሳ ስለ ተነሣ ክልከላው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻረ። ነገሩ ግን ትምህርት ትቶ አለፈ፤ የመግቢያ ፈቃዱ በሚዘግብበት ኩባንያ እጅ የሆነ ጸሐፊ ብርቱ ነገር ለመጻፍ ሲነሣ ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም። ከውድድሩ ስፍራ ሌላ የሚኖርበት ቤት ያለው፣ በአንድ በር ቢከለከል የማይራብ ጋዜጠኛ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግን እየቀነሰ ነው። ታላቁ ኒው ዮርክ ታይምስ እንኳ በ2023 የራሱን የስፖርት ክፍል ዘግቶ ሥራውን በ550 ሚሊዮን ዶላር ለገዛው ለዘ አትሌቲክ አስረክቧል።

እንግዲህ ለዚህ ስፖርት የሚገባው መጠን ምንድር ነው ብንባል፣ ስፍራው በጩኸቱ ሳይሆን በሚያስከትለው ነገር ይለካ እንላለን።

የውድድሩ ውጤት በጥቂት መስመር ይበቃዋል፤ ማን እንዳሸነፈ፣ በስንተኛው ዙር፣ በምን መንገድ። በዛቻና በስድብ የሚሞላው ዐምድ ይቅር፤ በደም የተበከለ ፊትም ለፊተኛው ገጽ ጌጥ አይሁን። የተጋጣሚው የብዙ ዓመት ልምምድና ጥበብ ሲነገር ግን አይነፈገው፤ እርሱም በላቡ የሚያድር የሰው ልጅ ነው።

ሰፊውን ስፍራ ሦስት ነገሮች ይውሰዱት። የመጀመሪያው ጤንነት ነው። ራሱን ስቶ የወደቀው ሰው መቼ ወደ ሜዳ ተመለሰ? ማን መረመረው? ለሚዛን ብሎ ከሰውነቱ ውሃ ያደረቀው ወጣት ምን ደረሰበት? ከ2011 ጀምሮ በላስ ቬጋስ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች የተጋጣሚዎችን አንጎል ዓመት ዓመት እየተከታተሉ ያጠናሉ፤ ይህ ጥናት ከአንድ ሌሊት ፍልሚያ የሚበልጥ ወሬ ነው።

ሁለተኛው የድካም ዋጋ ነው። በ2014 አንዳንድ ተጋጣሚዎች ኩባንያው ገበያውን ብቻውን ይዞ ዋጋችንን ዝቅ አድርጎታል ብለው ከሰሱ። በክርክሩም ከገቢው ለተጋጣሚዎች የሚደርሰው አምስተኛ እጅ ገደማ መሆኑን አመለከቱ፤ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ግን ግማሽ ያህሉን ይካፈላሉ። በ2024 ዳኛው የቀረበላቸውን የ335 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አልቀበልም አሉ፤ በኋላም በ375 ሚሊዮን ተስማሙ፤ በ2025 ጸደቀ። ከአንድ ሺህ በላይ ተጋጣሚዎችን የሚመለከት፣ ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ ክርክር ነው። ስለ አንድ ቅዳሜ ማታ ፍልሚያ የተጻፈውንና ስለዚህ ክርክር የተጻፈውን በሚዛን ብናስቀምጥ የትኛው ይከብድ ይሆን?

ሦስተኛው ሕግ ነው። ማን ይቆጣጠራል? ዳኛው የማን ተቀጣሪ ነው? አማተሮቹንስ ማን ያያቸዋል? ይህን መጠየቅ ስፖርቱን ለሚወድም ለሚጠላም ይጠቅማል፤ የሚወደው ተጋጣሚው እንዲጠበቅለት፣ የሚጠላውም ክፋቱ እንዲቀንስ ይሻልና።

በቤትም እንዲሁ ይሁን። ዛሬ ልጆች ፍልሚያውን የሚያዩት በእጃቸው በያዙት ስልክ ስለ ሆነ፣ ወላጅ ጋዜጣውን አጥፎ በመደበቅ ብቻ አይከለክላቸውም። ልጅ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ሲጠይቅ ወላጅ ከመቆጣት ይልቅ «የተሸነፈውስ እንዴት ሆነ? ስንት ተከፈለው? ማንስ አከመው?» ብሎ መልሶ ይጠይቀው። እንዲህ መጠየቅን የለመደ ልጅ አድጎ ጋዜጣ ሲያነብ፣ የጎደለውን ወሬ ከተጻፈው ወሬ ይልቅ ቶሎ ያስተውላል። ጋዜጦችም የሚሻሻሉት የጎደለውን የሚጠይቅ አንባቢ ሲበዛ ነው።