ከፋይ ሲሰፋ እንዳይሸሽ፣ ሲለበስም እንዳይሰበሰብ

ጥር ሲገባ የደብረ ታቦር ልብስ ሰፊዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ወሩ የሠርግ ወር ነው። ሙሽሮች ካባ ይፈልጋሉ። ጥር 11 ቀን ጥምቀት ስለሆነ ካህናትም ካባ ይለብሳሉ። የካባው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከፋይ ነው።

ከፋይ የእኛ ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ አይደለም። ከውጭ አገር ይመጣል፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። በግ ተሸጦ የተገዛ ከፋይ በአንድ ስፌት ሊበላሽ ይችላል። ስፌቱ ቢፈታም የመርፌው ቀዳዳ ምልክት ሆኖ ይቀራል። እንደ አቡጀዲ ፈትቶ መስፋት የለም።

ችግሩ ከየት ይመጣል? ከፋይ በፊቱ ላይ አጭር ጠጉር አለው። ሁለት ቁራጭ ፊትና ፊት ገጥሞ ሲሰፋ ጠጉርና ጠጉር ይገፋፋል። የስፌት መኪናው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ይስባል። ከላይ የሚጫነው ብረት ደግሞ የላይኛውን ያስቀረዋል። ስፌቱ ሲያልቅ ጫፍና ጫፍ አይገናኝም፤ የላይኛው አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ተርፎ ይገኛል። ያን ጊዜ «ሰፊው ጨርቅ ሰረቀኝ» ይባላል። የሸሸው ግን ከፋዩ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ጨርቁን በእጃችሁ ዳብሱት። ወደ አንድ በኩል ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ይሻክራል። የሚለሰልስበት በኩል የጠጉሩ መውረጃ ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ በጠመኔ ቀስት አድርጉና «ታች» ብላችሁ ጻፉ። ሁሉም ወደ አንድ በኩል ይቆረጥ። አለዚያ አንዱ ወገን የጠቆረ፣ ሌላው የፈዘዘ ይመስላል፤ ከአንድ ጣቃ የወጣ ነው ብትሉ የሚያምናችሁ የለም።

ከዚያ መወስወስ ነው። ዋናው ነገር ይኸ ነው። ስፒል ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም፤ በስፒልና በስፒል መካከል ጨርቁ ይሸሻል። በቀጭን መርፌና በቀጭን ክር ሁለት መስመር ወስውሱ። ሁለቱም መስመር ከስፌቱ ወደ ጠርዙ በኩል ይሁን፤ ቀዳዳው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በየስንዝሩ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሳችሁ ውጉ፤ ያን ጊዜ ክሩ አይንሸራተትም።

መኪናው ላይ ስትቀመጡ የሚጫነውን ብረት ብሎን ትንሽ አላሉት። ስፌቱን ረዘም አድርጉ። ቀስቱን ተከትላችሁ ወደ ታች ስፉ፤ ፔዳሉንም ቀስ። በሁለቱ ጨርቆች መካከል ስስ ነጭ ወረቀት ቢገባ ይረዳል፤ ኋላ ተቀዶ ይወጣል። ይህችን ጋዜጣ ግን አታስገቡ፤ ቀለሟ ይለቃል።

ካውያ የከፋዩን ፊት አይንካው፤ ጠጉሩን ይጨፈልቀዋል። ከተጨማደደ በጀርባው በኩል በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ያዙት።

ለባሹስ? ካባ ለብሰው በቅሎ ላይ ሲወጡ ወይም እስክስታ ሲወርዱ ካባው ወደ ላይ ይሰበሰባል። ከሥር ያለው የጥጥ ልብስ የከፋዩን ጀርባ ስለሚይዘው ነው። መድኃኒቱ ገበር ነው፤ እንደ ሳቲን ያለ የሚያንሸራትት ጨርቅ። በገበር ላይ ቁጠባ አያምርም። ካጠረ ወይም ከጠበበ እሱው ራሱ ከፋዩን ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ ገበሩ ካንገቱ ላይ ይያያዝ፣ ታቹ ለብቻው ይዘምዘም።

ከመዘምዘማችሁ በፊት ግን ካባውን አንድ ሌሊት ስቀሉት። ከፋይ ከባድ ስለሆነ ተሰቅሎ ሲያድር ይወርዳል። በማግሥቱ ባለቤቱ ለብሶ ይቁም፤ ዙሪያውን ከመሬት ለክታችሁ የተረፈውን ቁረጡ።