ልጁ ከልብ ቀዶ ሕክምና ተመልሷል፤ ሕክምናው ግን አላለቀም



አንድ ልጅ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ሐረር ሲመለስ በጀጎል ሰፈራችን ደስታ ይሆናል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ» ይባላል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ መዘናጋቱ ግን አደጋ አለው።

ለምን ቢባል፣ ልብ ተከፍቶ ሲታከም የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚሠራው መሣሪያ ነው። ደሙ በመሣሪያው ቱቦዎች ሲያልፍ ሰውነት እንደ ጥቃት ይቆጥረውና ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ይነሣል። ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ የደም ስኳር ከፍ ይላል፣ የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል። ይህ በአብዛኛው ልጁ ሆስፒታል እያለ በሐኪሞች ክትትል ይረጋጋል።

ወላጆች ልታውቁት የሚገባ ሌላ ብግነት ግን አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የልብ ሽፋን ሊቆጣና ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል። ፈሳሹ ከበዛ ልብን አፍኖ ሕይወት ያሳጣል። በዚያን ጊዜ ልጁ ያለው እናንተ ቤት ነው። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ሲተነፍስ የሚብስ የደረት ሕመም፣ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ናቸው፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል። ትኩሳቱ የቁስል ወይም የልብ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ብርድ ነው፣ ወባ ነው» ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት ክኒን አትግዙለት። በዚያው ቀን ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውሰዱት፤ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትም ያዙ።

የልቡ ሕመም ከቶንሲል የመጣ ከሆነ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ሐኪም ካላዘዘ በቀር አይቋረጥም።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ልጆች ባሕር ሳይሻገሩ ታክመዋል። ይሁንና ከሐረር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለመሳፈሪያ በማጣት የሚታለፍ ቀጠሮ ልጁን ያስከፍለዋል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ አፎቻዎቻችን ለሰርግና ለሐዘን እንደሚቆሙ ሁሉ ለታመመ ልጅ ቀጠሮም ይቁሙ። ለጥየቃ ስትሄዱ ከምትይዙት ነገር ይልቅ «ቀጠሮው መቼ ነው? መሳፈሪያ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ይህም ሶደቃ ነው።