ቀኑ ይለወጥ እንጂ አገሩ አይለወጥ

ታላላቅ የዓለም የእስፖርት ውድድሮች በሚደረጉበት ጊዜ ከሯጩና ከኳስ ተጫዋቹ ይልቅ የአየሩ ነገር የሚወራበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ሙቀቱ በረታ፥ ዝናቡ አላቋረጠም፥ ዐውሎ ነፋስ መጣ እየተባለ ውድድሩ ይሰረዛል፤ ከከተማ ወደ ከተማ ይዛወራል፤ ወይም በእኩለ ሌሊት ይደረጋል። ከዚህም የተነሣ «ሞቃት አገሮች ታላቅ ውድድር እንዲያዘጋጁ ሊመረጡ አይገባም» የሚል ሐሳብ ሲነገር እሰማለሁ። እኔ በሸዋ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ የቆላ ልጅ እንደ መሆኔ መጠን ይህን ሐሳብ ሰምቼ ዝም ለማለት አልቻልሁም። ዳሩ ግን የምቃወመው ሙቀት ምንም አያደርግም በማለት አይደለም። ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁና።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች መካከል የሩጫ ውድድር እዚሁ በይፋት ቆላ ተደርጎ ነበር። የአምስት ሺህ ሜትሩ ሩጫ በጠዋት ሊጀመር ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ንግግሩ ስለ በዛና የሰልፉ ትርኢት ስለ ረዘመ ሰዓቱ እየተገፋ ሄዶ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። ከደጋ የመጣ አንድ ተማሪ ከመጀመሪያው ዙር አንሥቶ ሁላችንንም ቀድሞ ይሮጥ ነበር። አሯሯጡ በእውነቱ የሚያስቀና ነበር። ለመጨረስ አንድ ዙር ሲቀረው ግን እግሩ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገድ ጀመር፤ ቀጥሎም በፊቱ ተደፋ። ሰዎች አንሥተው ከቁርቁራ ጥላ ሥር አስተኝተው በጀሪካን ውኃ ሲያፈሱበት እኔ በአጠገቡ አልፌ ሁለተኛ ወጣሁ። ሽልማቴን ስቀበል ተጨበጨበልኝ። ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነፍሱን ዐወቀ፤ ማታውንም ተሽሎት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሽልማቱን ይዤ ስወጣ አንድ ሽማግሌ የሽንኩርት ገበሬ ጠርተውኝ «ልጄ፥ በዚህ ሰዓት እኮ በሬም ይፈታል» አሉኝ። እኔም «አባባ፥ ሰዓቱን ያወጣነው እኛ አይደለንም» ብዬ መለስሁላቸው።

ይህ መልሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ታላላቆቹ ውድድሮች የማነበውን ሁሉ የማነበው በእርሱ በኩል ሆኗል። ሰዓቱን የሚያወጣው የማይሮጠው ሰው ነው።

በ2019 ዓ.ም. የዓለም የአትሌቲክስ ሻምፒዮና በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ ተደረገ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር የምጽፈው ውድድሮቹ በዓለም ላይ በዚያ ስለሚጠሩ ነው።) የሴቶቹ ማራቶን ሴፕቴምበር 27 ቀን ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተጀመረ። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር፤ የዶሃ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ስለ ሆነ ሴቶቹ መሮጥ የጀመሩት ደመራችን ነዶ ሕዝቡ ወደ የቤቱ ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት እንኳ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ፥ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም ከመቶ ከ70 በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሴቶች 28ቱ ሳይጨርሱ ቀሩ። ሩቲ አጋ፥ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፥ ማለት የኢትዮጵያ ሯጮች ሦስቱም፥ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ያሸነፈችው ኬንያዊት እንኳ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ፈጅቶባታል።

እዚህ ላይ እኛ የቆላ ሰዎች የምናውቀውን አንድ ነገር ልናገር። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ስለ ወጣ ሳይሆን ስለ ተነነ ነው። በሸዋ ሮቢት በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ላባችን ቶሎ ይደርቃል፤ ከጥላ ሥር ከገባንም ይቀለናል። በባሕር ዳርቻ ባለ አገር ግን አየሩ ራሱ በውኃ የተሞላ ነው፤ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ሯጩም እንደ ተከደነ ድስት በውስጡ ይፈላል። ስለዚህ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ብቻ አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው። ከዚህም ሌላ ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው በአንድ ቀን ሳይሆን በአሥርና በአሥራ አምስት ቀን ነው። ያ የደጋ ልጅ ወደ እኛ የወረደው በዋዜማው ነበር።

ከሴቶቹ ሩጫ በኋላ ሳምንት ሲሞላ፥ ኦክቶበር 5 ቀን፥ ወንዶቹ በዚያው በዶሃ ሮጡ። ሌሊቱ ከሴቶቹ ሌሊት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2:10:40 አንደኛ፥ ሞስነት ገረመው በአራት ሴኮንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጡ። ገዛኸኝ አበራ በ2001 ዓ.ም. በኤድመንተን ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን እንዲህ ያለ ወርቅ አላገኘንም ነበርና ደስታው ከፍ ያለ ሆነ። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ያን ወርቅ ካገኘን በኋላ ስለ ሦስቱ ሴቶች የሚናገር ሰው ብዙ አልነበረም። ድል አፍን ይዘጋል። እኔም ሽልማቴን ይዤ ወደ ቤቴ ስገባ ስለ ወደቀው ልጅ ያወራሁት ለእናቴ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ «ኳታርን መምረጥ ስሕተት ነበር፤ ሁለተኛ በረሃ አይመረጥ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሮዛ ደረጀ በ2018 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር በዱባይ ማራቶን በ2:19:17 አንደኛ ወጥታለች፤ በዚያው ቀን በወንዶቹ ያሸነፈው ሞስነት ገረመው ሲሆን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ገብቷል። ዱባይ ከዶሃ ብዙ የማትርቅ፥ በዚያው ባሕር ዳርቻ ያለች የበረሃ ከተማ ናት። ያው አሸዋ፥ ያው ባሕር፥ ያችው ሯጭ። የተለወጠው ወሩ ነው።

ከዶሃው መከራ በኋላ የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በዚያው ኦክቶበር ወር የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ማራቶን ወደ ሳፖሮ፥ ማለት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፥ እንዲዛወር አደረገ። ጨዋታው በወረርሽኙ ምክንያት ተላልፎ በ2021 ዓ.ም. ሲደረግ ግን ሳፖሮም ሞቃት ሆና ተገኘች። የሴቶቹ ሩጫ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት የተቀደመው በዋዜማው ማታ ነው። ከወንዶቹ 106 ሯጮች 30ዎቹ አቋረጡ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሦስቱ የእኛ ነበሩ፤ የዶሃው ባለ ወርቅ ሌሊሳም አንዱ ነው። ሁሉን በሙቀት ማሳበብ ባይገባም፥ ከተማ መለወጥ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ ቶኪዮ ከጥንት ጀምሮ ማራቶን የማይሮጥባት ከተማ ነበረችን? አበበ ቢቂላ በ1964 ዓ.ም. በ2:12:11 አሸንፎ የዓለምን ሰዓት ያሻሻለው በማን ከተማ ነው? ያን ጊዜ የጃፓን ሰዎች የበጋቸውን ሙቀት ስለሚያውቁ ኦሊምፒኩን ያደረጉት ከኦክቶበር 10 እስከ 24 ቀን ነበር። ለ2020ው ጨዋታ ግን የኦሊምፒክ ኮሚቴው ለአመልካች ከተሞች ሁሉ ቀኑን ከጁላይ 15 እስከ ኦገስት 31 ድረስ አጥሮ ሰጣቸው። በሌሎቹ ወራት የአውሮፓ እግር ኳስና የአሜሪካ ጨዋታዎች ቴሌቪዥኑን ይይዙታል። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ውድድሩ አልመጣም፤ ውድድሩ ነው ወደ ሙቀቱ የሄደው።

የቀድሞዎቹ ሰዎች ይህን አይንቁትም ነበር። አበበ በ1960 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ማራቶኑ የተጀመረው ወደ ማታ፥ በእነርሱ ሰዓት አሥራ ሰባት ከሠላሳ ላይ ነው። የሮማን ፀሐይ ሸሽተው ስላስመሹት በመንገድ ዳር ችቦ ተይዞ ጨለማ ውስጥ ገባ። ዕለቱም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በማምሸቱ ድሉ ያነሰበት ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ስለ ከፍታ የተነሣው ክርክርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ2007 ዓ.ም. ፊፋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር። ቦሊቪያና ጎረቤቶቿ ጮኹ፤ በዓመቱ ክልከላው ተነሣ። ያ ሕግ ጸንቶ ቢቀር ከእኛ በላይ በተራራው ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ከጨዋታ ውጪ ትሆን ነበር። ከፍ ያለው በከፍታው፥ ዝቅ ያለው በሙቀቱ ከተከለከለ ከጣርማ በር በላይም በታችም ላለነው ምን ሊቀርልን ነው?

አንዳንዶች የጊዜ ሰሌዳ እንደ ሙሴ ጽላት የማይነካ አድርገው ያወራሉ። የ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ለኳታር የተሰጠው በ2010 ዓ.ም. ነበር፤ በኋላ ግን በሰኔና በሐምሌ እንደማይቻል ሲታወቅ ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 18 ተደረገ። የአውሮፓ ክለቦች አጉረመረሙ፤ ግን አቆሙና ጠበቁ። ሊለወጥ ከተፈለገ ይለወጣል ማለት ነው። የእኛዋ አፍሪካ ግን ተቃራኒውን ሞክራለች። በ2017 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንዋሪ ወደ ጁንና ጁላይ አዛወረ፤ ይህም ከአውሮፓ ክለቦች ጋር እንዳይጋጭ ነው። በግብፅ አንድ ጊዜ ሆነ። ካሜሩን ስትደርስ ግን ያ ወቅት የዝናብ ወቅት መሆኑ ትዝ አላቸውና ወደ ጃንዋሪ መለሱት። አይቮሪ ኮስትም እንዲሁ፤ ለ2023 የታሰበው ውድድር በዝናቡ ምክንያት ወደ 2024 ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ተላለፈ። ዝናብ መቼ እንደሚዘንብ ለማወቅ እኮ የአቢጃንን ዓሣ አጥማጅ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ብልሆች ነበሩ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አዘጋጅታለች። በ1962 ዓ.ም. በጃንዋሪ፥ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን ያስቀረንበት ነው፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በጃንዋሪ፤ በ1976 ዓ.ም. ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ። ሦስቱም በበጋ ናቸው። በ1976ቱ ውድድር ግጥሚያዎች በድሬዳዋም ተደርገዋል። ድሬዳዋ ከፍታዋ ከሸዋ ሮቢት ብዙም የማትለይ የቆላ ከተማ ናት፤ ቆላነቷ ግን ከመመረጥ አላገዳትም። በ2024 ዓ.ም. አገራችን የ2029ኙን ዋንጫ የማዘጋጀት ፍላጎት እንዳላት በአዲስ አበባ አስታውቃለች። ይህን በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅሁት «በስንት ወር?» ብዬ ነው። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ «መጀመሪያ ስታዲዮም ይሠራ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ2021 ዓ.ም. የባሕር ዳሩ ስታዲዮም ከታገደ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን በ2022 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን «የሜዳውን» ግጥሚያ ያደረገው በማላዊ በሊሎንግዌ ነው። በገዛ ሜዳችን ሳንጫወት ስለ አየር ጠባይ መከራከር ገና ሳይወለድ ስም እንደ ማውጣት ይመስል ይሆናል።

ለሁሉም ነገር ቀን መለወጥ ይበቃል ለማለት አልደፍርም። በ2019 ዓ.ም. በጃፓን የራግቢ ዓለም ዋንጫ ሲደረግ ሐጊቢስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ሦስት ግጥሚያዎች ተሰርዘዋል፤ ወሩም ያው አበበ ያሸነፈበት ኦክቶበር ነው። ለእንዲህ ያለው ነገር ከመሰረዝ በቀር ሌላ የለም፤ የሰረዙትም ደግ አደረጉ። ዓለም እየሞቀች በሄደች መጠንም ትናንት ጥሩ የነበረው ወር ነገ ላይሆን ይችላል። በ2025 ዓ.ም. ሴፕቴምበር ቶኪዮ እንደ ገና የዓለም ሻምፒዮናን ስታዘጋጅ ማራቶኑ ሙቀቱን ፈርቶ በግማሽ ሰዓት ተቀድሟል። ትዕግስት አሰፋ በሁለት ሴኮንድ ብቻ ተቀድማ ብር አገኘች። ይህ ሁሉ ግን ቀኑንና ሰዓቱን ይበልጥ ተጠንቅቆ ለመምረጥ ምክንያት ይሆናል እንጂ አገሮችን በቴርሞሜትር ለመለየት ምክንያት አይሆንም። ሙቀቱን በይበልጥ ያመጡት ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ያሉባቸው አገሮች ሆነው፥ የሚከለከለው ድሃው ሞቃት አገር ቢሆን ፍርድ አይባልም።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። አገሩ ከተመረጠ በኋላ ቀኑን የዚያ አገር ሰዎች ይቁረጡት፤ ሰዓቱን ሲያወጡም የሚሮጡት ይጠየቁ። የቴሌቪዥኑ ባለቤት ደግሞ ይጠብቅ።

የዘንድሮው የትምህርት ቤቶች ውድድር ማስታወቂያ ከጥቂት ቀናት በፊት ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። ወሩ ግንቦት ነው። የአምስት ሺህ ሜትሩ ሰዓት «ከንግግሩ በኋላ» ይላል።