ከቁልቢ ስንመለስ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ሲቃረብ ከተማችን ድሬዳዋ በመንገደኛ ትሞላለች። ምእመኑ ግማሹ በመኪና፣ ግማሹ በእግሩ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይጓዛል። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ በምስጋና ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹበት ይህ ቦታ የስለት ቦታ ነው። ልጅ ያገኘች እናት፣ ከደዌ የተፈወሰ ሰው ጃንጥላና ጧፍ ይዞ ይመጣል። ስለት አንድ ታላቅ ቁም ነገር ያስተምራል፤ የጸለየ ሰው ባለዕዳ ነው። ይህ ዕዳ ግን የሚከፈለው እዚያው ደብሩ ላይ ብቻ ነውን?

አይመስለኝም። ከቤተ መቅደስ የወጣ ጸሎት ከጎረቤት ደጃፍ ካልደረሰ መንገዱን አልጨረሰም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የተራበውንና የታረዘውን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው የሚገሥጸውም ስለዚህ ነው።

ድሬዳዋ ይህን በመከራ የተማረችበት ሌሊት አላት። በ1998 ዓ.ም.፣ የሐምሌው ገብርኤል በተከበረ በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ የተኛውን ሕዝብ ጠራረገው። ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ቤት አልባ ሆኑ። ጎርፉ ክርስቲያን ከእስላም አልለየም። ውኃው የወረደው ዛፉ ከተመነጠረ ተራራ ነበር፤ ያገኘውም ሌላ ቦታ አጥቶ በወንዙ ዳር የተጠጋውን ድሃ ነበር። እንግዲህ በክረምት «ከጎርፍ አድነን» ብሎ የሚማፀን ሰው በበጋ ቆሻሻውን በደረቁ ደቻቱ ላይ ቢደፋ፣ የገዛ ጸሎቱን በገዛ እጁ ይሽራል።

ራስን መመርመርም እንዲሁ ነው። ማታ «ምን በደልሁ?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። «የማንን የቀን ሙያ ዋጋ አሳደርሁ? ነገ የየትኛዋን አሮጊት በር ላንኳኳ?» ካልተባለ ግን ጸጸቱ ከመኝታ አይነሣም።

«እንግዲያስ ሥራው ይበቃል፤ ጸሎቱ ለምን?» የሚል ይኖራል። ጎርፍ በመጣ ሰሞን ሁሉም ይረዳል፤ ወራት ሲያልፉ ግን ሁሉም ይረሳል። ሰው ሳያየንና ሳያመሰግነን በየዕለቱ እንድንመለስ የሚያደርገን ጸሎት ነው።

ስለዚህ ለቁልቢ ጃንጥላ የተሳለ ወገን አንድ ስለት ይጨምር እላለሁ፤ አንድ ችግኝ። መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በድሬ ፀሐይ ውኃ እያጠጡ ማሳደጉ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በየማለዳው የሚደገም ነው።