የቤተሰብ ስማችን የማን ስም ነው?

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ ቄሶቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣ እኛ በያቭነ የቅርስ (ሞሬሼት) ትምህርት የምንማር ተማሪዎች ነን። ጓደኞቻችን በዚህ መጽሔት ስለ ሲግድ በዓል፣ ስለ ዳቦና ስለ እንጀራ፣ ስለ ሱዳን ጉዞ ጽፈዋል። እኛ ደግሞ በየቀኑ በደብተራችን ላይ ስለምንጽፈው፣ ነገር ግን ብዙም ስለማናስብበት ነገር ለመጻፍ ፈለግን። እርሱም የቤተሰብ ስማችን ነው። ዓመታቱን ሁሉ እዚህ እስራኤል በምንጠቀምበት አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ነገሩ የተጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን “የቤተሰብ ስማችሁ ከየት መጣ?” ብላ ጠየቀችን። ኮሄን ወይም ሌዊ የሚባል ጓደኛ ያለን ሁሉ የእነርሱን መልስ እናውቃለን፤ አንዱ ከካህናት፣ ሌላው ከሌዋውያን ወገን ነኝ ይላል። ሚዝራሒ የሚባለውም አባቶቹ ከምሥራቅ እንደመጡ ይናገራል። እኛስ? አንዱ “የአያቴ ስም ነው” አለ። ሌላዋ “የአባቴ አያት ይመስለኛል” አለች። አንዱ ደግሞ “እኔ እንጃ፣ እንዲሁ ተሰጠን” ብሎ መለሰ። ሁላችንም ሳቅን፤ ወደ ቤት ሄደን ስንጠይቅ ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

ከመካከላችን የአንዷን ቤተሰብ ታሪክ እንንገራችሁ። አባቷና ሁለቱ አጎቶቿ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታላቁ በ1984 በሱዳን በኩል መጣ። መካከለኛው በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። ታናሹ የሚስቱን ቤተሰቦች ትቶ መምጣት ስላልሆነለት ከብዙ ዓመት በኋላ ገባ። ታላቁ ሲመዘገብ የራሱንና የአባቱን ስም ተናገረ፤ ጸሐፊውም የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ጻፈው። መካከለኛው “የአያትህስ?” ተባለና የአያቱ ስም ተጻፈለት። ታናሹ ደግሞ እስከ ቅድመ አያቱ ቆጥሮ ስለተናገረ የመጨረሻው ስም ተወሰደለት። እንግዲህ ሦስት ወንድማማቾች በመታወቂያቸው ላይ ሦስት የቤተሰብ ስም አላቸው። ለወረቀቱ ባዕዳን ናቸው።

ይህ እንዴት ሆነ? እናንተ ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ ለታናናሾቻችን ግን እንጻፈው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ካስፈለገ አያቱ ይጨመራል። ሴት ልጅ ስታገባም የአባቷን ስም አትጥልም። ስሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይንቀሳቀሳል፤ ዛሬ ልጅ የሆነው ነገ ለልጁ ሁለተኛ ስም ይሆናል። በእስራኤል ግን በ1956 የወጣው የስም ሕግ እያንዳንዱ ሰው የግል ስምና የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ያዝዛል፤ የቤተሰብ ስሙም ለልጅ ልጅ ሳይለወጥ ያልፋል። ስለዚህ ወላጆቻችን ሲገቡ በቅጹ ላይ ባዶ የነበረው ቦታ መሞላት ነበረበት። ጠያቂው አማርኛም ትግርኛም አያውቅም፤ ተጠያቂው ዕብራይስጥ አያውቅም። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ገብቷል። በዚያ ጥድፊያ ቁጭ ብሎ “አንድ ስም ምረጡ፣ ከእንግዲህ የልጅ ልጆቻችሁ ሁሉ በእርሱ ይጠራሉ” ብሎ ያስረዳ ሰው እንደነበረ ከጠየቅናቸው ወላጆች አንድም አልነገረንም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በእኛ ብቻ እንዳልሆነም ተምረናል። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በ1787፣ ናፖሊዮን ደግሞ በ1808 በግዛታቸው የሚኖሩ አይሁዶች ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዋል። ቱርክ በ1934 ለሕዝቧ ሁሉ እንዲሁ አደረገች። አይስላንድ የሚባለው የአውሮፓ አገር ሰዎች ግን እስከ ዛሬ እንደ ኢትዮጵያ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። እንግዲህ ጓደኞቻችን የጥንት የሚመስላቸው ብዙ የአውሮፓ አይሁድ ስም በጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ የተወለደ ነው። የእኛም በጠረጴዛ ላይ በመወለዱ አናፍርበትም።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የእኛ የቤተሰብ ስም የሥራ ስም ወይም የአገር ስም አይደለም፤ የአንድ ሰው ስም ነው። በጎንደር፣ በስሜን፣ በቋራ ወይም በወልቃይት በአንዲት መንደር ያረሰ፣ የቀጠቀጠ ወይም የሸመነ ሰው፣ ልጁ በተመዘገበባት ቀን ሳያውቀው የአንድ ቤተሰብ መጠሪያ ሆነ። ስለዚህም ብዙዎቹ ስሞቻችን በአገሩ ውስጥ ብርቅ ናቸው። ዛሬ በእስራኤል ከኢትዮጵያ የመጣው ማኅበረሰብ ከ160,000 በላይ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ የቤተሰብ ስም ከአንድ ሽማግሌ ልጆችና የልጅ ልጆች በቀር ማንም የለውም። እነርሱም በያቭነ፣ በገዴራ፣ በቂርያት መላኪ፣ በረሖቮትና በኔታንያ ተበታትነው ይኖራሉ። በሌላ በኩል ታከለ፣ ካሳ ወይም መኮንን የሚል ስም ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ምንም ዝምድና የላቸውም፤ አያቶቻቸው ሞክሼ ስለነበሩ ብቻ አንድ ስም ያዙ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ስሙ አንድ የሆነው ባዕድ፣ ስሙ ሌላ የሆነው ወንድም ሊሆን ይችላል።

ስሞቹ ደግሞ ባዶ ድምፅ አይደሉም። ካሳ፣ ምትኩና ፈንታ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ከእርሱ በፊት ሌላ ሕፃን ለሞተበት ቤት ነው። ማስረሻ ሐዘን የሚያስረሳ ማለት ነው። ታከለ ተጨመረልን የሚል ምስጋና አለበት። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ከመካከላችን በአንዱ ቤት እናቱ የስሙን ትርጉም ስትነግረው፣ አያቱ ከመወለዱ በፊት ሁለት ልጆች እንደሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። የቤተሰቡ ታሪክ በመታወቂያው ላይ ተጽፎ ሳለ አንባቢ አጥቶ ኖሯል።

በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ስሙ ይታመማል። በዕብራይስጥ ጽሑፍ አናባቢዎቹ ስለማይታዩ አንዱ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ይነበባል። መኮንን በአማርኛ ሹም፣ የተከበረ ሰው ነው፤ በዕብራይስጥ ሲነበብ ግን “መቆኔን” ይሆንና አልቃሽ፣ ሙሾ አውራጅ ማለት ይሆናል። በላይ ከፍ ያለ ማለት ሲሆን በዕብራይስጥ ያለቀ፣ ያረጀ ነገር ይመስላል። አስተማሪ ስም ሲጠራ ክፍሉ የሚስቅበት ልጅ ለምን ስሙን መለወጥ እንደሚፈልግ እኛ ይገባናል።

አንዳንድ ወጣቶች ወደ ሠራዊት ሲገቡ ወይም ሥራ ሲፈልጉ የቤተሰብ ስማቸውን ወደ ዕብራይስጥ ይለውጣሉ። ምክንያታቸውንም ሰምተናል። “ስሜን አይተው ሳያነጋግሩኝ ይመልሱኛል” የሚል አለ። “ቤን ጉርዮንም እኮ መጀመሪያ ግሩን ነበር፣ ጎልዳ ሜኢርም ሜየርሶን ነበረች” የሚልም አለ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እነርሱ አሮጌውንም አዲሱንም ስም አውቀው፣ መዝነው መረጡ። የእኛ ወላጆች የቤተሰብ ስም ሲሰጣቸው አልመረጡም፤ ልጆቹም የስሙን ትርጉም ሳያውቁ ከጣሉት ለሁለተኛ ጊዜ ሳይመርጡ ቀሩ ማለት ነው። ስሙን የሚለውጠውን አንኮንንም። ከመለወጡ በፊት ግን የማንን ስም እንደሚያወርድ ይወቅ እንላለን።

እኛ የምንኖርባት ያቭነም የምታስተምረን ነገር አለ። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከተቃጠለ በኋላ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ሊቃውንቱን የሰበሰበው እዚሁ ያቭነ ነው። የራባን ጋምሊኤል መቃብር ነው የሚባለውም ሥፍራ በከተማችን ይገኛል። የእነዚያን የያቭነ ሊቃውንት ስም ተመልከቱ፤ ዮሐናን የዛካይ ልጅ፣ ኤልዓዛር የአዛርያ ልጅ፣ ያሆሹዓ የሐናንያ ልጅ፣ አኪቫ የዮሴፍ ልጅ። የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ልክ እንደ አያቶቻችን በስማቸውና በአባታቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬም ሰው በምኩራብ ወደ ኦሪት ንባብ ሲጠራና የጋብቻ ውል ሲጻፍ በአባት ስም ነው። ታዲያ “እናንተ የቤተሰብ ስም እንኳን አልነበራችሁም” ለሚለን፣ “የያቭነ ሊቃውንትም አልነበራቸውም” ብለን መመለስ እንችላለን። ከኢትዮጵያ ያመጣችሁት አጠራር የጎደለው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችን እንምጣ። በባህላችን እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዘመዳሞች አይጋቡም። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የረቢዎች ሕግ ግን የአጎትና የአክስት ልጆች እንዲጋቡ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በጋብቻ መዝገብ ቤት ሰባት ቤት የሚቆጥርልን የለም። የሚቆጥሩልን ሽማግሌዎቻችን ብቻ ናቸው። የቤተሰብ ስማችን ደግሞ እንዳየነው ዝምድናን ይደብቃል። የሦስቱ ወንድማማቾች የልጅ ልጆች አንዱ በያቭነ፣ አንዷ በገዴራ፣ አንዱ በቂርያት መላኪ አድገው በሠራዊት ቢገናኙ በምን ይተዋወቃሉ? ሁለት ወጣቶች ከተዋደዱ በኋላ፣ ሽማግሌ ተልኮ ዘር ሲቆጠር “ለካ ዘመድ ናችሁ” ቢባሉ እንባው የሁለት ቤት ነው። የሚቆጥር ሽማግሌ ሲጠፋ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይታወቅ ይቀራል።

በክፍላችን እስከ ሰባት እንድንቆጥር ተሞክሮ ነበር። በአባት በኩል እስከ ሦስት የደረስን አለን፤ በእናት በኩል ግን አብዛኞቻችን በሁለተኛው ቆምን። ለዚህም ምክንያት አለው። ብዙ እናቶችና ሴት አያቶች እዚህ ሲመዘገቡ የአባታቸው ስም ቀርቶ በባላቸው ቤተሰብ ስም ተጻፉ። በአገራቸው ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን የአባታቸውን ስም በአንድ ቀን አጡ። ዘመድ ቆጠራ ግን በእናትም በአባትም ነው። ስለዚህ ግማሹ ዛፍ ተሰውሮብናል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመጪው ሲግድ ወይም ዘመድ በሚሰበሰብበት ቀን፣ በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥራችሁ ንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን። ከስሙ ጎን መንደሩን፣ ሥራውንና የስሙን ምክንያት እንጨምራለን። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያ የወጣላችሁን ስም አትደብቁን። በመቀበያ ማእከል አዲስ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ አያት ያወጡላችሁን ስም ማወቅ እንፈልጋለን። ሦስተኛ፣ የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸውን ዘመዶቻችንን አሳዩን። “ይህ የአጎትህ ልጅ ነው” ማለት ለእናንተ ትንሽ ነገር ነው፤ ለእኛ ግን ከማንም መዝገብ የማናገኘው ነው።

እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን። ስማችን ሲጠራ ክፍሉ ቢስቅ ትርጉሙን ቆመን እንናገራለን። በዕብራይስጥ የምንጽፈውን ያህል በአማርኛ ፊደልም ስማችንን መጻፍ እንለማመዳለን፤ ስሙ በትክክል የሚነበበው በእርሱ ነውና።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” ትላላችሁ። በሱዳን መንገድ ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደሞቱ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሔርጽል ተራራ ቆሟል። ከመካከላችን የአንዱ ቅድመ አያት እዚያ መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ የተቀበሩበትን ቦታ ማንም አያውቀውም፣ የሚያሳይ ድንጋይም የለም። ስማቸው ግን በያቭነ በአንድ ቤት የፖስታ ሣጥን ላይ ተጽፏል፤ በየቀኑም በክፍላችን ይጠራል። ያ ልጅ ይህን ካወቀ ወዲህ ስሙን ስለመለወጥ አላነሣም። ሌሎቻችንም የእኛ ስም የማን እንደሆነ ልትነግሩን ጊዜው ሳያልፍ እንጠብቃችኋለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቅርስ ትምህርት ተማሪዎች፣ ያቭነ