ኮሎኔሉ ሼኽ

ሐሰን ዳሂር አዌይስ ኢትዮጵያን መጀመሪያ የተዋጋው መለዮ ለብሶ ነው። በ1977 የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር እሱ የዚያ ጦር መኮንን ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በውጊያው ላሳየው ጀግንነት እንደተሸለመም ይነገርለታል። ኮሎኔልነቱ ቀርቶ ሼኽነቱ የጎላው በኋላ ነው። የአል ኢትሃድ አል ኢስላሚያ ወታደራዊ አዛዥ፣ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት የሹራ (የምክር ቤት) ሊቀመንበር፣ የሂዝቡል ኢስላም መሪ፣ በመጨረሻም በአልሸባብ ውስጥ ክብር እንጂ ሥልጣን የሌለው ሽማግሌ ሆነ። ይህ ሕይወት ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ እየከረረ የሄደ የአክራሪነት ታሪክ ተደርጎ ነው የሚቀርበው። እኔ እንደዚያ አላየውም። እምነቱ የምር ነበር፤ ይሁን እንጂ አዌይስ ዕድሜውን ሙሉ የታገለለት ጥያቄ የመኮንን ጥያቄ ነው፦ የሶማሊያን መንግሥት ማን ይያዘው? ድንበሩስ እስከ የት ይድረስ? የወደቀውም በዚሁ ጥያቄ ነው። ለዓላማው ያሰለፋቸው ወጣቶች ሶማሊያ የምትባል አገር ብትኖር ባትኖር ደንታ አልነበራቸውም።

የዚያድ ባሬ መንግሥት በጃንዋሪ 1991 ሲፈርስ አገሩ በጎሣ ሚሊሻዎች እጅ ወደቀ። አል ኢትሃድ ከጎሣ በላይ ነኝ ብሎ ብቅ አለ፤ የቦሳሶን ወደብ ይዞም ሰሜን ምሥራቁን ለመቆጣጠር ሞከረ። በ1992 ግን የኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ኃይሎች ከዚያ ነቅለው አባረሩት። አብዱላሂ ዩሱፍም የዚያው የድሮ ጦር ሰው ነበሩ፤ ዚያድ ባሬን ለመገልበጥ ሞክረው ሲከሽፍባቸው ኢትዮጵያ ተጠግተው፣ ኋላም እዚያው በደርግ ታስረው የከረሙ። የተረፈው የአል ኢትሃድ ኃይል ለኢትዮጵያ ድንበር በሚቀርበው የጌዶ አካባቢ፣ ሉቅ ላይ ሰፈረ። በ1996 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ውስጥ ሆቴሎች በቦምብ ተመቱ፤ በጁላይ ወር የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ አብዱልመጂድ ሁሴን በጥይት ተመትተው ቆሰሉ፤ ጣት የተቀሰረው በአል ኢትሃድ ላይ ነበር። ዒላማው ማን እንደሆነ ልብ ይሏል። አብዱልመጂድ ሙስሊምም ሶማሌም ነበሩ። ነገሩ የሃይማኖት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከካቢኔው መሐል እሳቸው የሚመረጡበት ምክንያት ባልኖረ። ጥፋታቸው ሶማሌ ሆነው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ነበር፤ ይህ ደግሞ የ1977ቱ ጦርነት ክርክር ነው። በኦገስት የኢትዮጵያ ጦር ሉቅና ቡሎ ሃዎ ገብቶ ድርጅቱን መታው፤ በቀጣዩ ዓመትም ደገመው። አል ኢትሃድ ከዚያ በኋላ እንደ ጦር አላንሰራራም።

የፍርድ ቤቶቹ ዘመን ግን ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። የሞቃዲሾ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲቋቋሙ በንዑስ ጎሣ የተከፋፈሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ የሚዳኘው የራሱን ወገን ነው። ወጪያቸውን ከሚሸፍኑት ዋነኞቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዕቃ የጫነ መኪና ገበያ እስኪደርስ በየኬላው ለሚሊሻ መክፈል ያንገሸገሻቸው ሰዎች። ኢፍካ ሃላኔ የተባለው ፍርድ ቤት የተጠጋው የሀበር ጊዲር ንዑስ ጎሣ በሆነው በአይር ላይ ነበር። አዌይስ አይር ነው፤ አፍጋኒስታን ሠልጥኖ የተመለሰው ደቀ መዝሙሩ አደን ሃሺ አይሮም አይር ነው። ከጎሣ በላይ ነኝ የሚለው እንቅስቃሴ እግሩን የተከለው ጎሣ ላይ ነበር ማለት ነው። በ2006 መጀመሪያ የጦር አበጋዞች በአሜሪካ የስለላ ድርጅት ገንዘብ እየታገዙ ሽብርን እንዋጋለን ብለው ጥምረት ሲመሠርቱ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ያስለቀሱት ሕዝብ ከማን ጋር እንደሚቆም አላጠያየቀም። በጁን ከተማዋ በፍርድ ቤቶቹ እጅ ገባች። ከአሥር ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረው አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ፤ ወደቡ ተከፈተ፤ ኬላዎቹ ተነሡ። የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት ሸሪፍ ሼኽ አህመድ የሥራ አስፈጻሚው ሊቀመንበር ሆኑ፤ አዌይስ ሹራውን ያዘ። ያን ክረምት ሞቃዲሾ ውስጥ ነጋዴውም እናቱም እፎይ ያሉት የሕግን ጣዕም ከረሱ ስለቆዩ ነው፤ የአክራሪነት ፍቅር ይዟቸው አይደለም።

እፎይታው ግን ዕድሜ አላገኘም። በኖቬምበር ጫት ሲታገድ ኪስማዮ ላይ ሰው ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። በዚያው ወር አዌይስ በሬዲዮ ቀርቦ በኬንያና በኢትዮጵያ ያሉ ሶማሌዎችን ከታላቋ ሶማሊያ ጋር ለማዋሐድ የሚቻለውን ሁሉ እንደሚያደርጉ ተናገረ። ሹራውን የሚመራ የሃይማኖት ሰው ይህን መናገር አላስፈለገውም፤ ለአዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ የጦርነት ምክንያት ማቅረብ የሚቻልም አይመስለኝም። የተናገረው ኮሎኔሉ ነው። በዲሴምበር 24 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጦርነቱን በይፋ አስታወቁ፤ በአራት ቀን ውስጥ ሞቃዲሾ ተያዘች። በባይደዋ ይቀመጥ የነበረውን የሽግግር መንግሥት የሚመሩት አብዱላሂ ዩሱፍ ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ፤ የቦሳሶው ባላንጣቸው ሸሸ። ተሻግሮ የተጠለለው አስመራ ነው። ዓለማዊው የኢሳያስ መንግሥት ሼኹን ያስጠጋው የኢትዮጵያ ጠላት ስለሆነ እንጂ ሃይማኖቱን ወዶ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ አዌይስም ይህን እያወቀ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሣ ክርክር አለ፤ አልሸባብን የፈጠረችው ኢትዮጵያ ናት የሚል። ግማሽ እውነት ነው። ኋላ አልሸባብ የሆኑት የአይሮ ታጣቂዎች የሞቃዲሾን የጣሊያን መቃብር ቆፍረው አፅም የበተኑት በጃንዋሪ 2005 ነው፤ የኢትዮጵያ ጦር ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው። ከላይ ሆኖ ጥላ የሆናቸው አዌይስ ነበር። የ2006ቱ ዘመቻ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፦ የኅብረቱን መካከለኛ ሰዎች በትኖ ሜዳውን ለእነዚህ ወጣቶች ለቀቀላቸው፣ የውጭ ወራሪን የመመከት ሞገስም አላበሳቸው። ለዚህ ማስረጃው ሸሪፍ ናቸው። በ2006 ከሞቃዲሾ የተባረሩት ሰው በጃንዋሪ 2009 ጂቡቲ ላይ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ አዲስ አበባም ተቀበለቻቸው። ከብዙ ደም በኋላ የተገኘው ሰው ቀድሞም እዚያው የነበረው ሰው ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ግን በራሴ መከራከሪያ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ነው። አዌይስ ብሔርተኛ ከነበረ በ2009 ለምን ተዋጋ? የኢትዮጵያ ወታደሮች በጃንዋሪ ወጥተዋል። ፓርላማው በኤፕሪል ሸሪዓን የአገሪቱ ሕግ አድርጎ አጽድቋል። አዌይስ አገር ቤት የተመለሰው በዚያው ወር፣ እነዚህ ሁለት ነገሮች ከተሟሉ በኋላ ነው። ሆኖም ሂዝቡል ኢስላምን ይዞ በሜይ ከአልሸባብ ጎን ተሰልፎ የቀድሞ ጓዱን መንግሥት ወጋ። ሞቃዲሾ የሰፈሩት የአፍሪካ ኅብረት ወታደሮች ስላልወጡ ነው ቢል፣ በከፊል ያስኬዳል። ስሙ ከኖቬምበር 2001 ጀምሮ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት የሽብር መዝገብ ላይ መኖሩም በር ዘግቶበታል፤ ሸሪፍ ያን ዓይነት ዕዳ አልነበረባቸውም። ዋናው ግን የማዕረግ ነገር ይመስለኛል። የፍርድ ቤቶቹ አባት እሱ ሆኖ ሳለ ቤተ መንግሥት የገባው መምህሩ ነው። ይህን መዋጥ አቃተው። ደግሞም ይህ ተቃውሞ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ወንበር ፍለጋ የሚዋጋ ሰው መንግሥት የሚባለውን ነገር አምኖበታል።

አብረውት የተሰለፉት አላመኑበትም። የያኔው የአልሸባብ መሪ አህመድ አብዲ ጎዳኔ በማዕቀብ መዝገቡ ላይ የልደት ዓመቱ 1977 ተብሎ ሰፍሯል፤ አዌይስ ኦጋዴን በዘመተበት ዓመት መሆኑ ነው። ጎዳኔ ፓኪስታን የተማረ የሐርጌሳ ሰው ነበር፤ ለእሱ ሶማሊያ የዓለም አቀፉ ጂሃድ አንድ ግንባር ብቻ ነበረች። በኦክቶበር 2009 ሁለቱ ድርጅቶች ኪስማዮን ማን ይግዛ ተባብለው ተዋጉ፤ ሂዝቡል ኢስላም ተሸነፈ። በዲሴምበር 2010 አዌይስ የተረፈውን ኃይል ይዞ ለአልሸባብ ገባ። ጎዳኔ በፌብሩዋሪ 2012 ከአል ቃዒዳ ጋር ውሕደት ሲያውጅ የሽማግሌው ፈቃድ የሚያስፈልገው አልነበረም። በ2013 አዌይስ ጎዳኔን በይፋ ወቀሰ፤ ከአንጋፋዎቹ አንዱ ኢብራሂም አል አፍጋኒም ለአል ቃዒዳ መሪ አቤቱታ ጻፈ። ጎዳኔ በጁን ወር ኢብራሂምን አስገደለ። አዌይስ ከባራዌ አምልጦ አዳዶ ደረሰ፤ የተቀበሉትም የሀበር ጊዲር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከጎሣ በላይ የሆነ ሥርዓት ሲሰብክ የኖረው ሰው ነፍሱን ያተረፈችው ጎሣ ናት። ሽማግሌዎቹ በክብር እናስረክበዋለን ብለው ሞቃዲሾ ቢያደርሱትም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጸጥታ ሰዎች ጢሙ በሂና የቀላውን አዛውንት አዋከቡት፤ አጅበው ከመጡት ሽማግሌዎችም የተደበደቡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቁም እስር ሆነ።

ይህን ሁሉ ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በ2011ዱ ረሃብ አልሸባብ የእርዳታ ድርጅቶችን ሲያባርር አዌይስ በውስጡ ነበር፤ ኋላ የወጣ ጥናት የሟቹን ቁጥር ወደ 260,000 አድርሶታል፤ ግማሹ ያህል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በልቡ ምን ያስብ እንደነበር ለእነዚህ ሕፃናት ፋይዳ የለውም። መነሻውን መለየት የሚጠቅመው ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መቼ መነጋገር እንደሚቻል ለማወቅ ነው። ሙክታር ሮቦው የአልሸባብ ምክትል መሪና ቃል አቀባይ ነበር፤ አሜሪካ በ2012 አምስት ሚሊዮን ዶላር ወሮታ አስቀምጣበታለች። እሱም እንደ አዌይስ በ2013 ከጎዳኔ ተለየ፤ ነገር ግን በራሀንዌይን ጎሣ አካባቢ የራሱን ታጣቂዎች ይዞ አራት ዓመት ቆየ፤ ወሮታው በ2017 ተነሥቶለት ከመንግሥት ጋር ታረቀ፤ ታስሮም ወጣ፤ በ2022 የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነ። መዝገብ ላይ መስፈሩ ለዘላለም እንዳልዘጋበት እናያለን። ሞቃዲሾ ውስጥ የሚቆጠረው ከኋላህ ስንት ሰው እንዳለ ነው። አዌይስ ደግሞ ጦሩን በዲሴምበር 2010 ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሚያንሰው ሰው አስረክቦ ነበር፤ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ከሽማግሌዎቹ በቀር የሚደራደርበት አንድም ነገር አልነበረውም።