ፋሻውን ፍቱት!

እግሩ ወለም ያለው ልጅ ሲጮህ የሚደነግጥ ሞልቷል። ዝም ሲል የሚደነግጥ ግን አላየሁም። ጠቤ ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ የጨርቅ ኳስ ሲያባርር ወይ ፍየል ሲመልስ ቁርጭምጭሚቱ ይዞርበታል፤ ያብጣል። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ ቅቤ ታመጣለች፣ ሌላው "እሹት፣ እሹት!" ይላል፣ አንዱ ደግሞ ወጌሻ ሊጠራ ይሮጣል። ወጌሻው ይጎትታል፣ ያሻል፣ በመጨረሻም በስንጥር እንጨትና በጨርቅ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያድራል። "አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻለው" ይባላል። በማግስቱ ዝም ይላል። "ተመስገን፣ ተሻለው!" ይባላል። ወዳጆቼ፣ ላይሻለው ይችላል። እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል።

የተጎዳ ቁርጭምጭሚት እብጠቱ ያኔውኑ አያልቅም፤ እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ይጨምራል። ጠብቆ የታሰረ እንጨት ግን አብሮ አይሰፋም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ደም ወደ ጣቶቹ መድረስ ያቅተዋል፣ በሰዓታት ውስጥም ሥጋው መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የቀረው መቁረጥ ነው። በወለምታ፣ ያውም በሁለት ሳምንት በሚድን ወለምታ፣ እግር ይቆረጣል! ይህ ጣጣ ከመለመዱ የተነሳ "በወጌሻ እስራት የሚመጣ ጋንግሪን" ተብሎ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ለብቻው ስም ወጥቶለታል።

አሁን ጭፍራ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአፋር ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ገብቶባት ስሟን በዜና ሰምታችኋል፣ ከዚያ ረስታችኋታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እግሩ ሲዞርበት እናቱ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ልውሰደው ወይስ ወደ ወልድያ ብላ የመኪና ሂሳብ ታሰላለች። እኛ ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው ምክር ደግሞ "በረዶ ያዙበት፣ የአጥንት ስፔሻሊስት አማክሩ" ነው። በረዶ! እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ፍሪጅ በሌለበት ቤት! ይህን ምክር የሚተረጉሙልን ሰዎች ከቦሌ ወጥተው ያውቃሉ?

በረዶ ከሌለ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ስር የዋለ ጀሪካን አለ። ውሃው ይቀዘቅዛል። ጨርቅ ነክሮ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ማኖር፣ በቀን ብዙ ጊዜ መድገም ነው። እግሩን በትራስ ወይ በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ከልቡ ከፍታ በላይ ማድረግ። ለሕመሙ በኪሎው ልክ የተለካ ፓራሲታሞል በቂ ነው፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። የሚያሽ ሰው ከመጣ ቡና ጠጥቶ ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሸት እብጠቱንም ሕመሙንም ያብሳል እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። ፋሻ ካስፈለገ ላላ ብሎ ይጠቅለል፣ ጣቶቹም ከውጭ ይታዩ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ቀለሙ መመለስ አለበት። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ፣ ወይ ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱት ልጁ ከመጠን በላይ ከጮኸ ፋሻውን ፍቱት። ሌሊትም ቢሆን፣ ወጌሻው ቢቆጣም ፍቱት። ከፈታችሁ በኋላ ካልተመለሰ በዚያው ሌሊት መኪና ይፈለግ።

ስብራት ይሁን ወለምታ እንዴት ይታወቃል? እ.ኤ.አ. በ1992 የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች ያወጡት ቀላል መመሪያ አለ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆችም ይሠራል። ልጁ እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጉብ ጉብ ያሉ አጥንቶች ጫፋቸውና ጀርባቸው ሲነካ ካመመው፣ ወይም በእግሩ ውጫዊ ጎን መሃል ላይ ያለችው የአጥንት ጉብታ ካመመችው (በውስጥ በኩል ያለችውም እንዲሁ) ራጅ ያስፈልገዋል። ልጅ ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ ገና የሚያድግ ለስላሳ ክፍል አለው፣ እሱ ከተጎዳና በአግባቡ ካልታከመ እግሩ ተጣሞ ወይ አጥሮ ሊያድግ ይችላል። እግሩ ቅርጹን ከለወጠ ወይ አጥንት ቆዳ ከቀደደማ ምርመራም አያሻውም፣ ጉዞ ነው። ሳይወድቅ ሳይዞርበት ቁርጭምጭሚቱ አብጦ የሚያተኩሰው ልጅም አለ። እሱ ወለምታ አይደለም፤ እሾህ ወግቶት ይሁን ሌላ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል ያው ጉዞ ነው።

"ታዲያ ወጌሻ ይታገድ!" የምትሉኝ አላችሁ። አልስማማም። ወጌሻ በሌሊት ይመጣል፣ በቋንቋችሁ ያናግራል፣ ካርድ አውጡ አይልም። ብትከለክሉት ተደብቆ ያስራል፣ ያኔ ደግሞ ፋሻውን የሚፈታም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ወጌሻዎች አጭር ስልጠና ካገኙ በኋላ የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱን አሳይቷል። ስልጠናውን ያደረገው አንድ ሆስፒታል ነው፤ ለምን አገር አቀፍ አልሆነም? የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱ የመጀመሪያ እርዳታ ነበር። እስቲ ሰፈራችሁ ውስጥ ስለታሰረ እግር የተነገራት አንዲት እናት ፈልጉልኝ።

ፖስተር በአማርኛ አትሞ ጭፍራ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ሥራ አይደለም። አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የሰውን ደህንነት ተጠያይቆ ነው የሚለያየው፣ ወሬውም ከስልክ ኔትዎርክ ቀድሞ ይደርሳል። ጤና ቢሮው ከወጌሻዎቹና ከጎሳ መሪዎቹ ጋር ይቀመጥና ጥፍር መጫኗንና ፋሻ መፍታቷን ብቻ በአፋርኛ በዳጉ ይላክ። ለዚህ በጀት አልተያዘም የሚለኝ ኃላፊ ካለ ስንት ብር እንደሚያስፈልገው ይንገረኝ።